የልጆች የሰውነት ልኬትና ዕድሜ፤ ከታሪክ የምናገኘው ትምህርት

ሊመዘገብ የመጣ ሕፃን ዕድሜው በምን ይታወቃል? የልደት ምስክር ወረቀት በማይገኝበት ጊዜ፣ በአገራችን ብዙ ልጆች ቀኝ እጃቸውን በራሳቸው ላይ አሳልፈው ግራ ጆሯቸውን እንዲነኩ ይታዘዙ እንደነበር ይታወቃል። የደረሰለት ይመዘገባል፤ ያልደረሰለት «ለከርሞ ና» ይባላል። ይህም አካልን በዕድሜ ምትክ መቁጠር ነው።

ተመሳሳይ አሠራር በእንግሊዝ አገርም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1833 የወጣው የፋብሪካ ሕግ ዕድሜያቸው ከ9 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በአብዛኞቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች እንዳይቀጠሩ ከለከለ። ይሁን እንጂ የመንግሥት የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ1837 ስለሆነ፣ ሐኪም የልጁን ጥንካሬና መልክ አይቶ እንዲመሰክር ተደረገ፤ ቁመትም ለመለያነት ታሰበ። በ1837 ኤድዊን ሳውንደርስ የተባለ የጥርስ ሐኪም ልጆችን መርምሮ፣ ከቁመት ይልቅ ጥርስ የተሻለ የዕድሜ ምስክር መሆኑን አስረዳ።

ቁመት የማያስተማምነው ስለምንድን ነው? አንደኛ፣ ዕድገት በአንድ ፍጥነት አይሄድም። ሞንቤያር የተባለ ፈረንሳዊ ከ1759 እስከ 1777 የልጁን ቁመት በየስድስት ወሩ ገደማ ሲለካ ቆይቶ ያገኘው ውጤት፣ ዕድገት ቀስ በቀስ ከረገበ በኋላ በጉርምስና እንደገና እንደሚፋጠን ያሳያል። ሁለተኛ፣ ጾታ ልዩነት ያመጣል። ሄንሪ ባውዲች ከ24 ሺህ በላይ የቦስተን ተማሪዎችን ልኬት መሠረት አድርጎ በ1877 ባቀረበው ጥናት፣ በ13 ዓመት አካባቢ ሴቶች ወንዶችን እንደሚበልጡ፣ በኋላም ወንዶች እንደሚቀድሙ ታይቷል። ሦስተኛ፣ የኑሮ ሁኔታ አለ። በቂ ምግብ ያላገኘ ልጅ ከእኩዮቹ ያጥራል።

የአካል እንቅስቃሴ ደግሞ በሌላ መንገድ ይሠራል። ጡንቻንና አጥንትን ያዳብራል እንጂ ቁመትን ይህን ያህል አይለውጥም። በ1977 የወጣ ጥናት፣ የቴኒስ ተጫዋቾች መምቻውን የሚይዙበት ክንድ አጥንት ከሌላው ክንዳቸው የወፈረ መሆኑን አረጋግጧል። ስለዚህ እኩል ክብደት ያላቸው ሁለት ተማሪዎች አንዱ በጡንቻ፣ ሌላው በስብ ሊከብድ ይችላል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ልኬት ትርጉም የሚኖረው ዕድሜና ጾታ አስቀድመው ሲታወቁ መሆኑን ነው። በጆሮ መንካት የተመለሰው ልጅ በምግብ እጥረት የቀጨጨ ሊሆን ይችላል፤ በረኃብ የተጎዳው ልጅ የትምህርት ዓመትም ይቀነስበታል ማለት ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ማስረጃው ባልተሟላበት ስፍራ መምህሩ የወላጅን ቃል፣ የክትባት ካርድንና የክርስትና መዝገብን ቢጠይቅ ይሻላል። ሜትሩና ሚዛኑ የልጁን ጤንነት ለመከታተልና በስፖርት ክፍለ ጊዜ ተመጣጣኝ ቡድን ለማውጣት ይዋሉ እንጂ፣ ልጅን ከትምህርት ገበታ ለመመለስ ሊያገለግሉ አይገባም።