በዳኛ ላይ ቅሬታ ሲኖር የእንባ ጠባቂ ተቋም ሥልጣን እስከ የት ነው?

በይዞታ ክርክር የተረታ አንድ አርሶ አደር፣ ፍርዱን የሰጠው ዳኛ የባላጋራው ዘመድ መሆኑን ዘግይቶ ሰማ እንበል። አቤት የሚልበትን ሲያፈላልግ «የሕዝብ እንባ ጠባቂ» የሚለው ስም ቀድሞ ቢታወሰው አያስደንቅም። ይሁንና ተቋሙ በዳኞች ጉዳይ ያለው ሥልጣን ስሙ ከሚያሳድረው ተስፋ እጅግ የጠበበ ነው።

የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መነሻው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ሲሆን፣ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ነው፤ አዋጁ በኋላ ተሻሽሏል። ተቋሙ የሚመረምረው በአስፈጻሚው የመንግሥት አካል የሚፈጸምን አስተዳደራዊ በደል ነው። በየትኛውም ደረጃ በሚገኝ ፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ ግን ሊመረምር አይችልም። ምክንያቱም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ ሁኔታ እንደማይመራ ይደነግጋል። ዛሬ ለእኛ ሲል ዳኛን የሚጫን አካል ነገ ለባላጋራችንም ሊጫን ይችላልና፣ ገደቡ ባለጉዳዩንም የሚጠብቅ ነው።

ታዲያ ዳኛ ሲያጠፋ ማን ይጠይቀዋል? ይህ ኃላፊነት የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። ጉባኤው በፌዴራልም በክልልም ያለ ሲሆን፣ የዳኞችን ሥነ ምግባርና ዲሲፕሊን የሚመለከቱ ጉዳዮችን ይወስናል። ዳኛ ከጡረታ ዕድሜው በፊት ያለ ፈቃዱ ከሥራው የሚነሳው ጥፋት መፈጸሙን፣ ጉልህ የችሎታና የቅልጥፍና ማነስ ያለበት መሆኑን ወይም በሕመም ምክንያት መሥራት አለመቻሉን ጉባኤው ሲወስንና ውሳኔው በሚመለከተው ምክር ቤት ከግማሽ በላይ በሆነ ድምፅ ሲጸድቅ ብቻ ነው።

ለጉባኤው የሚቀርብ አቤቱታ ፍሬ ነገር ሊኖረው ይገባል። የመዝገቡ ቁጥር፣ ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን፣ ዳኛው የተናገረው ወይም ያደረገው ነገር፣ ያዩ ሰዎችና ያለው ሰነድ በግልጽ ቢጻፉ ለማጣራት ያመቻል። «በግፍ ፈረደብኝ» ማለት ብቻውን የሥነ ምግባር ጥፋትን አያሳይም፤ ዳኛ በቅን ልቦናም ሊሳሳት ይችላል። ጉቦ ተጠይቆ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ወንጀል በመሆኑ ለፖሊስም መጠቆም ይገባል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ስለ ጊዜ ነው። ጉባኤው ዳኛውን ቢቀጣ እንኳ ፍርዱ በዚያ ምክንያት አይሻርም። ፍርድ የሚታረመው በይግባኝ፣ የመጨረሻ ውሳኔ ከተሰጠም በኋላ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ሲኖር በሰበር ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት የይግባኝ ማመልከቻ ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት። የጉባኤውን መልስ ሲጠባበቅ ይህን ጊዜ ያሳለፈ ሰው ክሱ እውነት ሆኖ ሳለ መሬቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስኬድ ይበጃል። ዝምድናው ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ከታወቀም ዳኛው ከችሎት እንዲነሳ ወዲያውኑ ማመልከት ይቻላል።

ሹመትን በተመለከተም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። የክልል ዳኞችን በክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅራቢነት የሚሾመው የክልሉ ምክር ቤት በመሆኑ፣ ስለ ዕጩ ዳኛ የሚያውቀው ነገር ያለው ነዋሪ ሊያሳውቅ የሚገባው ለጉባኤው ነው፤ ያውም ምክር ቤቱ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት።

ለዳኞች ሹመትና ሥነ ምግባር ብቻ የቆመ እንባ ጠባቂ ያላቸው አገሮች አሉ። በእንግሊዝና በዌልስ ይህ ኃላፊ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። እርሱም ቢሆን ዳኛውን በቀጥታ አይከስም፤ ቅሬታውን አስቀድሞ ያየው አካል በአግባቡ አጣርቶት እንደሆነ ይመረምራል፤ ጉድለት ሲያገኝ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ሊመልስ ይችላል። ፍርዱን ግን እርሱም አይነካም።

ወደ እኛው ተቋም ስንመለስ፣ ከፍርድ በኋላ በሩን ማንኳኳት የሚገባበት ጊዜ አለ። አርሶ አደሩ ይግባኝ ብሎ ቢረታና የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ አልፈጽምም ብሎ ቢያመላልሰው፣ ቅሬታው በዳኛ ላይ ሳይሆን በአስፈጻሚ አካል ላይ ነው። ይህን አቤቱታ እንባ ጠባቂ ተቋም ያለ ክፍያ ይቀበላል። አቤቱታው በጽሑፍም በቃልም ሊቀርብ ይችላል፤ ባለጉዳዩ መሄድ ካልቻለ የትዳር ጓደኛው፣ ቤተሰቡ ወይም ወኪሉ ያቀርብለታል።