አንድ ዲስክ ብቻ ቢኖራችሁ

ጅግጅጋ ላይ የዲስክ ጎልፍ ዲስክ የሚገባው በሻንጣ ነው። ቶጎ ውጫሌ ገበያ ስልክም፣ ጫማም፣ ሽቶም ይገኛል፤ ይሄኛው ግን ዘመድ ከሚኒያፖሊስ ሲመጣ ነው የሚመጣው። ሚኒሶታ አሜሪካ ውስጥ ትልቁ የሶማሌ ማህበረሰብ ያለባት ግዛት ናት። በአጋጣሚ ደግሞ ብዙ የዲስክ ጎልፍ ሜዳ ካላቸው ግዛቶች አንዷ እሷው ናት። ችግሩ ሻንጣው ነው። መድኃኒት አለ፣ የልጆች ልብስ አለ፣ ለአያት የተላከ ስጦታ አለ። በዚህ ሁሉ መሀል ለዲስክ የሚተርፈው የአንድ ቦታ ነው። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ ቀላል ናት፦ አንድ ብቻ ከሆነ፣ የትኛው?

ጨዋታውን ለማያውቅ፦ ሐሳቡ የጎልፍ ነው። በዱላና በኳስ ፋንታ ዲስክ ይወረወራል። ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ እስኪገባ ድረስ ስንት ጊዜ እንደተወረወረ ይቆጠራል፤ በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ዲስኮቹ በሦስት ይከፈላሉ። ለሩቅ ድራይቨር፣ ለቅርብ ፑተር፣ በመሀል ሚድሬንጅ። አሜሪካ ያለ ተጫዋች ቦርሳው ውስጥ 15 ወይም 20 ዲስክ ይዞ ስለሚዞር ምርጫው አያስጨንቀውም። እኛን ግን ያስጨንቀናል።

የእኔ መልስ ሚድሬንጅ ነው። ለምን እንደሆነ የገባኝ የዲስኩን ታሪክ ሳነብ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከክዳን እስከ ቅርጫት

ነገሩ የተጀመረው በክዳን ነው። በ1937 ዋልተር ፍሬድሪክ ሞሪሰን የሚባል የካሊፎርኒያ ወጣት ከፍቅረኛው ጋር የፈንዲሻ ቆርቆሮ ክዳን እየተወራወረ ይጫወት ነበር። ክዳኑ ሲጣመም ወደ ኬክ መጋገሪያ ሳህን ተሸጋገሩ። በ1938 ባሕር ዳርቻ ላይ ሲጫወቱ ያየ ሰው ያንን ሳህን በ25 ሳንቲም ልግዛችሁ አላቸው። ሳህኑ ሱቅ ውስጥ 5 ሳንቲም ነበር። ሞሪሰን ንግዱ ወዲያው ታየው። የዱቄት ወተት ጣሳ ክዳን ሲወረውሩ ያደጉ የጅግጅጋ ልጆች ይህን ታሪክ ማስተርጎም አያስፈልጋቸውም።

ሞሪሰን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር አውሮፕላን አብራሪ ሆነ፤ ከጦርነቱ ሲመለስ በ1948 የፕላስቲክ ዲስክ ይዞ ወጣ። በ1957 መብቱን ዋም-ኦ ለሚባል የመጫወቻ ኩባንያ ሸጠ። በዚያው ዓመት ስሙ ፍሪስቢ ሆነ።

እስከዚህ ድረስ መጫወቻ ነው። የቀየረው የዋም-ኦ ሠራተኛ የነበረው ኤድ ሄድሪክ ነው። በ1964 የዲስኩ ጀርባ ላይ ቀጫጭን ክብ መስመሮች ጨመረ። መስመሮቹ ጌጥ አይደሉም፤ በዲስኩ ላይ የሚያልፈውን አየር ስለሚቆጣጠሩ በረራው ይረጋጋል። የእሱ ጥያቄ "እንዴት ይብረር?" ብቻ አልነበረም፤ "ደግሜ ብወረውረው ያንኑ ያደርጋል ወይ?" የሚል ነበር። ለእኔ ዲስክ ከመጫወቻነት ወደ መሣሪያነት የተሻገረው እዚህ ጋ ነው።

በ1975 ሄድሪክ ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ላ ካኛዳ ውስጥ፣ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ ሠራ። መጀመሪያ ኢላማው ተራ ምሰሶ ነበር፤ መታ አልመታም የሚል ክርክር ሲበዛ የሰንሰለቱን ቅርጫት ፈጠረ። በ1976 የባለሙያዎቹን ማህበር መሠረተ። በ2002 ሲሞት አመዱ በፈቃዱ ከፕላስቲክ ጋር ተደባልቆ ዲስክ ሆነ። ሰውየው አልቀለደም።

ጠርዙ ሲሳል

እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሁሉም ዲስክ ጠርዝ ድቡልቡል ነበር። ለሩቅም ለቅርብም የሚወረወረው ያው አንድ ዓይነት ነው። በ1983 ዴቭ ዱኒፔስ ከጓደኞቹ ጋር ኢኖቫን መሥርቶ ጠርዙ እንደ ምላጭ ወደ ውጭ የሳሳ ዲስክ አወጣ። ስል ጠርዝ አየሩን ይሰነጥቃል፤ ስለዚህ ዲስኩ ፈጥኖ ይሄዳል፤ ርቀቱም ጨመረ።

ግን ፍጥነት ዋጋ አለው። ዲስክ በአየር ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት የሳይክል ጎማ አውጥታችሁ መሀሉን በሁለት እጅ ያዙት። እየተሽከረከረ ሳለ ለማዘንበል ሞክሩ፤ በገፋችሁበት በኩል አይሄድም፣ በሌላ ጎን ይጣመማል። ዲስክም እንዲሁ ነው። ገና እንደተወረወረ፣ ፍጥነት ሳለው፣ የአየሩ ግፊት ከመሀሉ ትንሽ ወደ ኋላ ያርፋል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ግን ወደ ፊት ይመጣል። ግፊቱ ፊቱን ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ሊያነሳው ሲል፣ ዲስኩ ስለሚሽከረከር በጎኑ ያዘነብላል። በቀኝ እጁ፣ ከደረቱ ወደ ውጭ ለሚወረውር ሰው፣ መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ግራ ማለት ነው።

እንግዲህ ፈጣን ድራይቨር የተሠራው በኃይል ለሚወረወር ክንድ ነው። ያንን ፍጥነት ካልሰጣችሁት ሕይወቱን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ከእጃችሁ እንደወጣ ወደ ግራ ታጥፎ ይወድቃል። ወርዋሪው የራሱ ስህተት ይሁን የዲስኩ ባህርይ መለየት አይችልም። በእኛ ሙያ አነጋገር፣ የስህተት መልእክቱ የማይነበብ ፕሮግራም ነው።

ሚድሬንጅ መሀሉን የያዘው እዚህ ላይ ነው። የሶማሌ አርብቶ አደር ድሮ ሁለት ጦር ይይዝ ነበር ይባላል፤ ቀለል ያለው ለውርወራ፣ ከበድ ያለው ለቅርብ ፍልሚያ። ሁለቱንም መያዝ ለቻለ ጥሩ ነው። አንድ ብቻ የያዘ ግን የሚያየው ስፋቱን ሳይሆን እርግጠኝነቱን ነው።

ያረጀ ዲስክ

በ1987 ኢኖቫ ሮክ የሚባል ሚድሬንጅ አወጣ። ስሙ የድንጋይ አይደለም፤ በሲንድባድ ተረት ውስጥ ያለው ዝሆን የሚያነሳው ግዙፍ ወፍ፣ ሩኽ፣ ነው። 12 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኬን ክላይሞ ከዚህ ዲስክ ጋር ስሙ የሚነሳ ተጫዋች ነው።

ዛሬ ዲስኮች በአራት ቁጥር ይገለጻሉ፦ ፍጥነት፣ መንሳፈፍ፣ መጀመሪያ ላይ ወደ ቀኝ ማዘንበል፣ መጨረሻ ላይ ወደ ግራ መታጠፍ። ሮክ 4፣ 4፣ 0፣ 3 ነው። ዲስክራፍት በ2003 ያወጣው በዝ 5፣ 4፣ -1፣ 1 ነው፤ ከሮክ ይልቅ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፈጣኖቹ ድራይቨሮች የመጀመሪያ ቁጥራቸው 12 ወይም 13 ነው።

ከሁሉም የወደድኩት የሮክ ተጫዋቾችን ልማድ ነው። ተራው ፕላስቲክ ዛፍና ድንጋይ ሲመታው ቶሎ ይጎዳል፤ ሲጎዳ ደግሞ ባህርዩ ይለወጣል። አዲሱ ሮክ መጨረሻ ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ የለመደው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ በጣም ያረጀው ወደ ቀኝ ያዘነብላል። እነሱ አሮጌውን አልጣሉትም። አዲስ፣ መካከለኛና አሮጌ ሮክ አንድ ቦርሳ ውስጥ አድርገው እንደ ሦስት የተለያዩ ዲስኮች ይጠቀሙባቸው ነበር። እጁ የሚያውቀው ቅርጽ አንድ ነው፤ የሚለያየው ዕድሜው ነው።

"አስተማማኝ" የሚለውን ቃል ያጠራልኝ ይሄ ነው። አስተማማኝ ማለት የማይለወጥ ማለት አይደለም፤ ወዴት እንደሚለወጥ አስቀድሞ የሚታወቅ ማለት ነው። ሰውም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም።

የእኛ አየር፣ የእኛ ነፋስ

ቁጥሮቹን እንዳሉ መቅዳት ግን አያዋጣም። ጅግጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። የሳሳ አየር ዲስኩን በደንብ አይሸከመውም፤ ወደ ቀኝም አያዘነብለውም፤ ስለዚህ ቶሎ ወደ ግራ ይታጠፋል። ካሊፎርኒያ ቀጥ የሚለው ዲስክ ካራማራ ሥር ሲወረወር ሌላ ሰው ይመስላል። ከፍታውን ብቻ ካሰብን በዝ ይሻለናል።

ነፋሱ ደግሞ በተቃራኒው ይጎትታል። የዚህ አገር ነፋስ ቀልድ አይደለም፤ በሰሜን በኩል አይሻ ላይ 120 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ ዲስኩ ከእውነተኛው ፍጥነቱ በላይ የሚበር ያህል ያደርገዋል፤ ወደ ቀኝ ይጠመዝዘዋል። ከኋላ የሚመጣው ደግሞ ወደ መሬት ይጫነዋል። ለፊት ነፋስ ሮክ ይሻላል።

አንድ ብቻ ማስመጣት ካለብኝ በዝን አስመጣለሁ፤ ከበድ ያለውን፣ 175 ግራም አካባቢ፣ ፕላስቲኩም ቶሎ ከማያረጀው ዓይነት። ነፋሱን የምመልሰው በአወራወር ነው።

አወራወሩ ይኸውና። አውራ ጣት ከላይ፣ አራቱ ጣቶች ከሥር ጠርዙን አጥብቀው ይያዙ። ትከሻችሁን ወደ ኢላማው አድርጋችሁ በጎን ቁሙ። ዲስኩን በደረት ቁመት፣ በቀጥታ መስመር፣ ደረታችሁን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ሳቡት፤ ቅስት አይሥራ። ኃይሉ ከዳሌ ይጀምራል፤ ክንድ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። የፊት ጠርዙ ወደ ላይ አይነሳ፤ ከተነሳ ዲስኩ ሽቅብ ወጥቶ ይቆምና ወደ ግራ ይወድቃል። ነፋስ ከፊት ከመጣ የሚያድነው ጉልበት አይደለም፤ ዝቅ አድርጎ፣ የግራ ጎኑን ጥቂት ወደ መሬት አዘንብሎ፣ በእርጋታ መልቀቅ ነው። ነፋሱ ወደ ቀኝ ሊገለብጠው ሲሞክር ያቀናዋል።

ወጣት ስንሆን ፈጣኑን ነው የምንጠይቀው። ሻምፒዮኑ የሚወረውረውን፣ ቁጥሩ 13 የሆነውን። ሶፍትዌር ላይም ያው ነን፤ ሚሊዮን ተጠቃሚ ላለው ኩባንያ የተሠራውን መሣሪያ ሃምሳ ደንበኛ ላለው ሱቅ እንተክላለን፣ ከዚያ ሲበላሽ ምኑ እንደተበላሸ አናውቅም። ሚድሬንጅ ግን እጃችሁ ያደረገውን ያሳያል። ጠማማ ከለቀቃችሁት ጠማማ ይሄዳል፤ ቀጥ ካላችሁ ቀጥ ይላል።

ሁለት ዓመት ከሰጣችሁት ደግሞ ጠርዙ ይቦጫጨቃል፤ ያን ጊዜ ቀጥ ይል የነበረው ወደ ቀኝ ማዘንበል ይጀምራል። አትጣሉት። ለመማር የሚፈልግ ታናሽ ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ አይጠፋም፤ ክንዱ ገና ደካማ ለሆነ ልጅ ደግሞ ያረጀ ዲስክ ከአዲሱ ይሻላል፤ ለትንሽ ጉልበትም ቀጥ ብሎ ይበርለታል።