ጥግ የተቀመጠችው አሸናፊ

እስቲ ይታያችሁ። በዓመቱ ትልቁ የፊልም ድግስ ላይ ለሽልማት ታጭታችኋል። ፀጉራችሁ ላይ ነጭ አበባ ሰክታችሁ፣ አጊጣችሁ ትደርሳላችሁ። አስተናጋጁ ግን አብረዋችሁ የተወኑት ሁሉ ከተቀመጡበት ጠረጴዛ አሳልፎ ይወስድና ግድግዳ ሥር ካለች ትንሽ ጠረጴዛ ያስቀምጣችኋል። ምክንያቱ? ጥቁር ናችኋ!

ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1940 ሎስ አንጀለስ፣ አምባሳደር ሆቴል ውስጥ ሃቲ ማክዳንኤል የገጠማት ይኸው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደምንጽፍ ልብ በሉልን።) ሆቴሉ ጥቁር እንግዳ አያስገባም ነበር። እሷም የገባችው የፊልሙ ፕሮዲውሰር ዴቪድ ሴልዝኒክ አስፈቅዶላት ነው። በዚያ ምሽት በምርጥ ረዳት ተዋናይት ዘርፍ አሸነፈች፤ ኦስካር የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነች። ካሸነፈቻቸው አንዷ እዚያው ፊልም ላይ አብራት የሠራችው ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ነበረች። ንግግሯን በእንባ ጨርሳ ተመልሳ ወደዚያችው ጥግ ሄደች።

ፊልሙ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ነው። መጽሐፉን እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያውቀው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ በተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» በኩል ነው። ስካርሌትን ያሳደገቻት፣ የምትቆጣትና የምትሳሳላት ባሪያ ማሚ ትዝ ትላችኋለች? ሃቲ የተጫወተችው እሷን ነው። ፊልሙ ዲሴምበር 1939 አትላንታ ላይ ሲመረቅ ጥቁር ተዋንያኑ አልተገኙም፤ የጆርጂያ የዘር መለያየት ሕግ አይፈቅድማ።

ሃቲ ለባርነት ሩቅ አልነበረችም። እናትና አባቷ ሁለቱም ባሪያ ሆነው የተወለዱ ናቸው፤ አባቷ በእርስ በርስ ጦርነቱ ለሰሜኖቹ ተሰልፎ ተዋግቷል። እሷ በ1893 ካንሳስ ውስጥ የ13 ልጆች መጨረሻ ሆና ተወለደች፣ ዴንቨር አደገች። ከወንድሞቿ ጋር በተጓዥ ቡድን መድረክ ላይ ዘፈነች፣ አሳቀች፣ በ1920ዎቹ ሬዲዮ ላይ ዘፈነች። በ1929 የአሜሪካ ገበያ ሲወድቅ የነበረችበት የቲያትር ጉዞ ተበተነና ሚልዋኪ ላይ ሥራ ፈት ሆነች። ያገኘችው እንጀራ በአንድ የምሽት ክበብ የሴቶች መጸዳጃ ቤት አስተናጋጅነት ነበር። በኋላ እዚያው ክበብ መድረክ ላይ ወጥታ እንድትዘፍን ተፈቀደላት። በ1931 ሎስ አንጀለስ ገባች፤ የፊልም ሥራ እስኪገኝ የሰው ቤት እየሠራች ቆየች።

ከዚያ ፊልሙ ተገኘ። የተሰጣት ገጸ ባሕርይ ምን ይመስላችኋል? የቤት ሠራተኛ! ከዚያስ? የቤት ሠራተኛ። ከሰባ ጊዜ በላይ ሠራተኛ ሆና እንደተጫወተች ይነገራል።

ነገሩ የሚከርረው እዚህ ጋ ነው። የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ማኅበር የኤንኤኤሲፒ ዋና ጸሐፊ ዋልተር ዋይት በ1940ዎቹ ሆሊውድን በጥቁሮች ላይ ስለሚለጥፈው ምስል ሲወቅስ፣ የወቀሳው ጅራፍ እንደ ሃቲ ያሉትንም ገረፈ። የእሷ መልስ ይታወቃል። ሠራተኛ ሆኖ መተወን፣ በሳምንት 7 ዶላር እየተከፈሉ የእውነት ሠራተኛ ከመሆን ይሻላል አለች።

እኛም ዝግጅት ክፍላችን ውስጥ (ዝግጅት ክፍል ስንል አንድ የማኪያቶ ጠረጴዛ ማለታችን ነው) ለሁለት ተከፈልን። ግማሾቻችን ዋይትን ደገፍን። በእኛም ፊልሞች ላይ ከገጠር የመጣችው ሠራተኛ አነጋገሯ ብቻ ሳቅ ሲሆን እያየን ስንናደድ ኖረናል፤ ያን የምትጫወተውም ተዋናይት ተጠያቂ ናት አልን። ግማሾቻችን ደግሞ ድርሰቱን የጻፈው፣ ገንዘቡን ያወጣው፣ ሌላ ሚና የነፈጋት ሰው እያለ ሴትዮዋን መጠየቅ ግፍ ነው አልን። ውሎ አድሮ ብዙዎቻችን ወደ ሁለተኛው ወገን ያዘነበልነው በቤቷ ታሪክ ምክንያት ነው።

ሃቲ በፊልም ገንዘቧ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሹገር ሂል የተባለ ሰፈር ትልቅ ቤት ገዛች። በሰፈሩ ቤት ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚከለክል ውል ነበር። ነጭ ጎረቤቶች እሷንና ሌሎች ጥቁር ባለቤቶችን ከሰሱ። እሷ ዝም ብላ ዕቃዋን አልጠቀለለችም፤ ጎረቤቶቿን አስተባብራ ተሟገተች። ጠበቃቸው ሎረን ሚለር ነበር። ዲሴምበር 1945 ዳኛው ክሱን ውድቅ አደረጉት። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያሉ ውሎችን ፍርድ ቤት ሊያስፈጽማቸው እንደማይችል በየነ። ስክሪን ላይ «እሺ እመቤቴ» የምትለው ሴት ፍርድ ቤት ስትቆም እሺ አላለችም።

በ1947 «ቢዩላ» የተባለ የሬዲዮ ድራማ መሪ ተዋናይት ሆነች። ቢዩላ ማን ናት? አዎ፣ የቤት ሠራተኛ። ግን ጉድ በሉ፤ ከሃቲ በፊት የዚችን ጥቁር ሴት ድምፅ ሬዲዮ ላይ ያሰማ የነበረው ነጭ ወንድ ነበር! ድራማው ወደ ቴሌቪዥን ሲሄድ ኤቴል ዋተርስ ጀመረችው፣ ሃቲ ተረከበች። ጥቂት ክፍሎች እንደቀረጸች የጡት ካንሰር ያዛትና ኦክቶበር 26 ቀን 1952 በ59 ዓመቷ አረፈች።

መቀበር የፈለገችው ሆሊውድ መካነ መቃብር ነበር። ጥቁር አንቀብርም አሉ። ሮዝዴል ተቀበረች። የሆሊውዱ መቃብር አዲስ ባለቤት በ1999 የመታሰቢያ ሐውልት አቆመላት፤ አርባ ሰባት ዓመት ዘግይቶ።

ኦስካሯን የተናዘዘችው ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ዋሽንግተን። ሽልማቱ በዚያን ዘመን ለረዳት ተዋንያን ይሰጥ የነበረው ዓይነት ነው፤ ሙሉ ሐውልት ሳይሆን አነስተኛ ሰሌዳ። ዩኒቨርሲቲው ለዕይታ አስቀመጠው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግድም ግን የገባበት ጠፋ። የተናደዱ ተማሪዎች ፖቶማክ ወንዝ ጣሉት የሚል ወሬ አለ፤ ማስረጃ የለውም።

ሃዋርድ ማለት የእኛው ኃይሌ ገሪማ ከ1975 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ፊልም ያስተማረበት ግቢ ነው። «ሳንኮፋ» የሚለውን መጻሕፍት ቤቱን የከፈተውም ከግቢው ፊት ለፊት ነው። ስያሜው የ1993 ፊልሙ ነው፤ ባርነትን ከባሮቹ ዓይን ያሳየበት። ማሚ ጌቶቿን ብቻ የምትወድ ሴት ሆና በቀረበችበት ዓለም፣ ኃይሌ የሚያምፁ ባሮችን አመጣ፤ አከፋፋይ ቢያጣም ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ራሱ አሳየው። ሃቲና ኃይሌ አልተገናኙም፤ እሷ ስትሞት እሱ ገና የጎንደር ሕፃን ነበር።

ኦክቶበር 2023 የኦስካር አካዳሚ ምትክ ሰሌዳ አሠርቶ ለሃዋርድ አስረከበ። ዋናው እስካሁን አልተገኘም።