የዳታ ሎገር ሞደም ከኢንተርኔት ጋር መገናኘቱ እንዴት ይፈተሻል?

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ድሬዳዋን በሌሊት የመታው ድንገተኛ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት መቅጠፉ ይታወሳል። እንዲህ ያለውን አደጋ አስቀድሞ ለማወቅ በወንዞች የላይኛው ክፍል የሚተከሉ አውቶማቲክ የዝናብና የውኃ ከፍታ መለኪያ ጣቢያዎች ጠቀሜታቸው ከፍተኛ ነው። ይሁን እንጂ ጣቢያው የለካው መረጃ በሰዓቱ ካልደረሰ መለካቱ ብቻውን ማንንም አያድንም።

የጣቢያው ልብ ዳታ ሎገር የሚባለው መሣሪያ ነው። ይኸውም ከመለኪያዎቹ የሚመጣውን ቁጥር በተወሰነለት ጊዜ እየመዘገበ በማኅደረ ትውስታው የሚያስቀምጥ አነስተኛ ኮምፒዩተር ነው። አብዛኛውን ጊዜ በ12 ቮልት ባትሪና በሶላር ፓኔል የሚሠራ ሲሆን፣ የመዘገበውን በሞባይል ኔትወርክ ወደ ቢሮ የሚልክለት ከጎኑ የሚገጠም፣ ሲም ካርድ የሚገባበት ሞደም ነው። የተለመደው ስህተት የሞደሙን መብራት አይቶ «ሠርቷል» በማለት ሳጥኑን ቆልፎ መሄድ ነው። ፍተሻው ከታች ወደ ላይ፣ አንዱ እርከን ሳይረጋገጥ ወደ ሌላው ሳይታለፍ መካሄድ ይኖርበታል።

ኃይል፦ ሞደም መረጃ በሚልክበት ቅጽበት ሳይልክ ከሚቆይበት ጊዜ ይልቅ ብዙ ከረንት ይስባል። በመሆኑም የባትሪው ቮልት መለካት ያለበት ሞደሙ በሚልክበት ሰዓት ነው። ያረጀ ባትሪ ሥራ ሳይበዛበት 12.5 ቮልት እያሳየ፣ መላክ ሲጀመር ግን ሊወርድና ሞደሙን ሊያጠፋው ይችላል። ብልሽቱ ከቢሮ ሆኖ ለሚያየው የኔትወርክ ችግር ይመስላል።

ሲም ካርድና ሲግናል፦ ሲም ካርዱ በቅድሚያ ስልክ ውስጥ ገብቶ የፒን ቁጥሩ መነሳቱና የዳታ ፓኬጅ ያለው መሆኑ ይረጋገጥ። ቀጥሎ ሞደሙ ከላፕቶፕ ጋር ተገናኝቶ «ኤቲ+ሲኤስኪው» የሚለው ትዕዛዝ ሲሰጠው የሲግናሉን ጥንካሬ ከ0 እስከ 31 ባለ ቁጥር ይናገራል። 10 ሲል -93 ዲቢኤም፣ 20 ሲል -73 ዲቢኤም ማለት ነው። 99 ካለ ጥንካሬው አልታወቀም። ቁጥሩ ከ10 በታች ከሆነ አንቴናውን ከፍ ማድረግ ወይም በተሻለ መቀየር ይገባል። ሞደሙ የሚጠቀምበት የኔትወርክ ዓይነት በአካባቢው መኖሩም መጣራት አለበት። በአሜሪካ ኤቲ ኤንድ ቲ የ2ጂ ኔትወርኩን በ2016 መጨረሻ፣ የ3ጂውን ደግሞ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ሲዘጋ፣ በእነዚህ ብቻ የሚሠሩ ሞደሞች በኔትወርኩ መጠቀም አልቻሉም።

አይፒ አድራሻ፦ ሲግናል አለ ማለት ኢንተርኔት አለ ማለት አይደለም። ሞደሙ ወደ ኢንተርኔት የሚገባው ቴሌኮም ድርጅቱ የሚሰጠው ኤፒኤን የተባለው የመግቢያ ስም በትክክል ሲሞላለት ነው። ሎገሩ አድራሻው 0.0.0.0 መሆኑን ካሳየ ገና አልገባም። በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ቁጥር የሚጀምር አድራሻ ካሳየ ገብቷል፤ ነገር ግን ይህ የኔትወርኩ የውስጥ አድራሻ በመሆኑ ከቢሮ ተነስቶ በቀጥታ ሎገሩን ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ግንኙነቱን የሚጀምረው ራሱ ሎገሩ እንዲሆን ተደርጎ ይስተካከላል።

ፒንግ፦ አነስተኛ መልእክት ልኮ ምላሹ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ በሚሊ ሰከንድ የሚለካ ፍተሻ ነው። መደረግ ያለበት በቴክኒሻኑ ስልክ ሳይሆን ከራሱ ከሎገሩ ነው። ለምሳሌ የካምቤል ሳይንቲፊክ ሎገሮች ለዚሁ «ፒንግ አይፒ» የሚባል ትዕዛዝ ያላቸው ሲሆን፣ ምላሽ ካልተገኘ ውጤቱ 0 ይሆናል። መጀመሪያ በቁጥር፣ ለምሳሌ 8.8.8.8 ወደሚለው የጉግል አድራሻ፣ ቀጥሎ በስም ይሞከር። በቁጥር ሠርቶ በስም እምቢ ካለ፣ ችግሩ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ላይ ነው። አንዳንድ ኔትወርኮችና ሰርቨሮች ግን ፒንግን ስለሚከለክሉ፣ ምላሽ መጥፋቱ ብቻውን ኢንተርኔት የለም አያሰኝም።

ሰርቨሩ ላይ የደረሰ መዝገብ፦ የማያጠራጥረው ማስረጃ ይህ ነው። ሎገሩ ላይ የሚታየው የመጨረሻ መዝገብ ቁጥር፣ ዋጋና ሰዓት ቢሮ ካለው ሰርቨር ጋር ይመሳከር። የ3 ሰዓት ልዩነት ከታየ ምናልባት አንዱ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በግሪንዊች ሰዓት ተሞልቷል።

ሆን ብሎ ማቋረጥ፦ በመጨረሻም የሞደሙ ኃይል ብቻ ለአንድ ሰዓት ይቋረጥ። ሎገሩ በዚህ ጊዜ መመዝገቡን ይቀጥላል። ኃይሉ ሲመለስ ሞደሙ ያለማንም እርዳታ ተገናኝቶ የተጠራቀመውን መላክ አለበት። ይህን ማድረግ ያልቻለ ጣቢያ ለክረምት ዝግጁ አይደለም። ኔትወርክ በተቆራረጠ ቁጥር ሰው መላክ ሊያስፈልግ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ዝናቡ በበረታበት ሰሞን ነው።

ይህ ሁሉ ቢቻል ጣቢያው ከመተከሉ በፊት ቢሮ ውስጥ ለሁለትና ለሦስት ቀናት ተሞክሮ፣ በተከላው ቦታ ላይ እንደገና ይደገም። የተገኘው ቮልት፣ የሲግናል ቁጥርና የፒንግ ጊዜ ከቀኑ ጋር በወረቀት ተጽፎ ሳጥኑ ውስጥ ቢቀመጥ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ቴክኒሻን ምን እንደተለወጠ በደቂቃዎች ውስጥ ይለያል።