ብቻውን የተናገረ ድርጅት፦ በግብረ ሰናይ እንቅስቃሴ ውስጥ ዝምታን ስለሚያተርፍ ስሌት

በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የደርግ መንግሥት የድንበር የለሽ ሐኪሞችን የፈረንሳይ ክፍል ከኢትዮጵያ አባረረ። ድርጅቱ በወሎ ሲሠራ፣ ረሃብተኛው እህል ፍለጋ የሚመጣባቸው ጣቢያዎች ለሰፈራ ሰው የሚታፈስባቸው ቦታዎች ሲሆኑ አይቶ በአደባባይ ተናግሮ ነበር። በዚያ የመንግሥት የሰፈራ ዘመቻ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጋዘ። ቤተሰብ ተለያየ፤ በጉዞና በሰፈራ ጣቢያ ብዙ ሰው አለቀ፤ የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የተባረረው ሳይሆን የቀሩት ጉዳይ ነው።

አፈሳውን ያየው አንድ ድርጅት ብቻ አልነበረም። ሆኖም እያንዳንዱ የእርዳታ ኃላፊ ፊት የተደቀነው ስሌት አንድ ዓይነት ነበር፦ ብናገር እባረራለሁ፣ ድንኳኔ ውስጥ ያለው ሕፃን ይሞታል፣ ሰፈራውም አይቆምም፤ ዝም ብል ቢያንስ ይህ ሕፃን ይተርፋል። ለየብቻው ሲታይ ስሌቱ ስህተት የለበትም። ሁሉም ሲያሰሉት ግን ውጤቱ ማንም ያልፈለገው ሆነ። እህሉም የውጭ ገንዘቡም በብርቱ ያስፈልገው የነበረ መንግሥት፣ በአንድ ቀን በአንድ ድምፅ የተናገሩ ድርጅቶችን በሙሉ ለማባረር ይቸገር ነበር ብዬ አምናለሁ። አንዱን ማባረር ግን ብዙም አልከበደውም። የሚገርመው፣ አብያተ ክርስቲያናት በ1984 እ.ኤ.አ. ኅብረት ፈጥረው እህል በጋራ ያጓጉዙ ነበር። በጋራ ለመናገር የሚያስችል ስምምነት ግን አልነበረም።

ኢኮኖሚስቱ ማንከር ኦልሰን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው፣ ሰዎች የጋራ ጥቅም ስላላቸው ብቻ በጋራ እንደማይንቀሳቀሱ አሳይቷል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የሠራተኛ ማኅበራትና የጥቅም ቡድኖች ናቸው። ስለዚህ ለሌላው የሚለፋ እንቅስቃሴ ከዚህ ሕግ ነፃ ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። ነጋዴ ዝም ሲል ለኪሱ መሆኑን ራሱም ያውቀዋል። የእርዳታ ሠራተኛ ዝም የሚለው ለታማሚው ብሎ ነው፤ ምክንያቱ እውነተኛ ስለሆነም ደፍሮ የሚመረምረው የለም። ከዚህ በጎ ምክንያት ጋር ደግሞ የድርጅቱ ህልውና ተጣብቆ ይመጣል። ከሐምሌ 1985 እ.ኤ.አ. የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት በኋላ ገንዘቡን ለረሃብተኛ የሰጠ ሕዝብ፣ ገንዘቡ የት እንደደረሰ ይጠይቃል። አገሩን ለቆ የወጣ ድርጅት ምን ብሎ ይመልሳል?

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያው ስሌት በዛየሯ ጎማ ከተማ ተደገመ። በ1994 እ.ኤ.አ. ከሩዋንዳ ወደ ዛየር የጎረፉት ስደተኞች በሰፈሩባቸው ካምፖች፣ የዘር ጭፍጨፋውን የፈጸሙት ሚሊሻዎች የምግብ ክፍፍሉን ተቆጣጠሩት። አሌክሳንደር ኩሊና ጄምስ ሮን በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ችግሩን ለጋሾች ከእርዳታ ድርጅቶች ጋር ከሚገቡት ውል ዓይነት ጋር አያይዘውታል። ውሉ አጭር ነው፣ ተፎካካሪው ብዙ ነው፤ ተቃውሞ የወጣውን ድርጅት ሥራ ሌላው ይረከበዋል። የድንበር የለሽ ሐኪሞች የፈረንሳይ ክፍል በዚያው በ1994 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር ካምፖቹን ለቀቀ። የቤልጂጉና የሆላንዱ ክፍሎች እስከ ቀጣዩ ዓመት ቆዩ። በአንድ ስምና በአንድ መርህ የሚሠሩት እንኳ በአንድ ቀን መውጣት ካልቻሉ፣ በስም የማይገናኙት እንዴት ይስማሙ?

በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የቀይ መስቀልና የግብረ ሰናይ ድርጅቶች የሥነ ምግባር ደንብ አሥር ነጥቦች አሉት። ፊርማው በፈቃድ ነው፤ የሚያስፈጽም አካልም የለውም። አንዱ ድርጅት እውነት ተናግሮ ሲባረር ሌሎቹ ምን ማድረግ እንዳለባቸው አንድም ነጥብ አያነሣም። ድርጅቶች በጋራ ለመናገር ይስማሙ ሲባል፣ በድንኳን የተኛው ታማሚ በስምምነቱ አልፈረመም፤ ታዲያ በማን ሕይወት ነው የምትደራደሩት የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ አቃልዬ አላየውም። በእኔ አስተያየት ስምምነቱ መደረግ ያለበት ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት፣ ማንም ታማሚ አልጋ ላይ ሳይኖር ነው፦ የትኛው ድርጊት ሲታይ ሁሉም እንደሚናገሩ አስቀድሞ ይጻፍ። ለጋሾችም ይፈርሙበት፤ ተናግሮ የተባረረውን ድርጅት በጀት ዝም ላለው ላያስተላልፉ።