ከጦር ሜዳ ወደ ቤት ስለ መመለስ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፈጸመ ጊዜ፥ በሚሊዮን የሚቈጠሩ የአሜሪካ ወታደሮች የጦር ልብሳቸውን እያወለቁ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ሕዝቡም በሰልፍና በደስታ ተቀበላቸው፤ ነገር ግን የአንድ ቀን አቀባበል ሌላ፥ የዘወትር ኑሮ ሌላ መሆኑ ወዲያው ታወቀ። ይህንንም ገልጠው ካሳዩት ሥራዎች አንዱ በ1946 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «የሕይወታችን ምርጥ ዓመታት» የተባለው ፊልም ነው። አዘጋጁ ዊልያም ዋይለር ራሱ በአየር ኃይል ውስጥ ሆኖ የጦርነቱን ፊልም ሲያነሣ ጆሮው የተጎዳ ሰው ነበርና፥ የተመላሹን ኀዘን ከወሬ አልተማረውም።

ታሪኩ በሐሳብ ወደ ተፈጠረች ቡን ሲቲ ወደምትባል ከተማ ስለሚመለሱ ሦስት ሰዎች ይናገራል። አል በእግረኛ ጦር ሃምሳ አለቃ ነበር፤ በከተማው ግን የባንክ ሹም ነው። ፍሬድ በአየር ኃይል ሻምበል ነበር፤ ከዘመቻው በፊት ግን በመድኃኒት መደብር ውስጥ ለስላሳ መጠጥ ይቀዳ ነበር። መርከበኛው ሆመር ሁለት እጆቹን አጥቶ በብረት መንጠቆ ይሠራል። በታክሲ ወደየቤታቸው ሲሄዱም፥ ሞትን የደፈሩት ሰዎች የገዛ ደጃቸውን ፈሩ።

ለእንደነዚህ ያሉት ሰዎች መንግሥት ምንም አላደረገም ማለት አይቻልም። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሰኔ 22 ቀን 1944 ዓ.ም. የፈረሙት ሕግ ለተመላሾች የትምህርት ገንዘብንና ለቤት፥ ለእርሻም የሚበደሩበትን ዋስትና ሰጠ። ሆኖም ሕጉ የሚፈጸመው በሰው እጅ ነው። በፊልሙ ውስጥ አል መያዣ ለሌለው ተመላሽ ገበሬ ጠባዩን አምኖ ቢያበድረው፥ ከባንኩ አለቃ ተወቀሰ። ፊልሙ የማይናገረው ከዚህ የከፋ ነገርም ነበረ፤ ይኸውም ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች ከባንኮችና ከየአገሩ ሹማምንት አድልዎ የተነሣ ከዚህ ሕግ ጥቅም መከልከላቸው ነው።

ፍሬድም ሌላ ሥራ ቢያጣ በሳምንት 32 ዶላር ከ50 ሳንቲም ወደ ቀድሞው መደብር ተመለሰ፤ ከዚያም ተባረረ። ከተማይቱን ሊለቅ በተነሣ ጊዜ፥ የተጣሉ የጦር አውሮፕላኖች ወደ ተከማቹበት ሜዳ ገብቶ፥ በአንዱ ውስጥ ተቀምጦ ያለፈውን ፍርሃት እንደገና አየ። ነገር ግን አውሮፕላኖቹ የሚፈርሱት ለቤት መሥሪያ መሆኑን በሰማ ጊዜ ሥራ ለመነና አገኘ። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ማረሻ ስለሚሆንበት ዘመን የተናገረውን የሚያውቅ ሰው የዚህን ምሳሌ ምሥጢር አያጣውም።

ሆመርን ሆኖ የሠራው ሃሮልድ ረስል በሙያው የቴአትር ሰው አልነበረም፤ ሰኔ 6 ቀን 1944 ዓ.ም. በሰሜን ካሮላይና በጦር ማሠልጠኛ ሳለ ፈንጂ ፈንድቶ ሁለት እጆቹን የቈረጠው ወታደር ነበረ። በ1947 ዓ.ም. ስለዚህ አንድ ሥራ ሁለት የኦስካር ሽልማት ተቀበለ፤ ሁለተኛውም ለጓደኞቹ ተመላሾች ተስፋና ድፍረት ስለ ሰጠ ነበር።

ሆመር እጮኛው ዊልማ እንዳታዝንለት ይሸሻት ነበር። በመጨረሻ ግን አንድ ሌሊት መንጠቆዎቹን አውልቆ እንደ ሕፃን ረዳት የሚሻ መሆኑን አሳያት። እርስዋም የሌሊት ልብሱን ቈልፋ፥ ብርድ ልብሱን አልብሳ አስተኛችው። በሠርጋቸው ቀን ቀለበቱን በጣትዋ ያገባው ያው የብረት መንጠቆ ነው።

ስለዚህ የወታደር ውለታ በኒሻንና በሰልፍ ብቻ አይከፈልም። ቍስሉን አይቶ ፊቱን የማይመልስ ሰው ያስፈልገዋል፤ ይህም የሚስት ብቻ ሳይሆን የጎረቤትም፥ የአሠሪም፥ የካህንም ሥራ ነው።