«ተቀበል!» ሲባል ማን ተጠያቂ ነው? ስለ አዝማሪዎች የሙያ ቃላት

ሙያ ሁሉ የራሱ ቋንቋ አለው። እኛ የሕግ ሰዎች «ይግባኝ»፣ «ብይን»፣ «መጥሪያ» እያልን ስንነጋገር ባለጉዳዩ ግራ ገብቶት ያየናል። ሐኪሙም ነጋዴውም ከዚህ አይርቁም። ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ግን ብዙዎቻችን እየሳቅን የምንሰማውን፣ ሆኖም ግማሹን ብቻ የምንረዳውን የጎንደር አዝማሪዎች ቋንቋ ነው። እንደኔ እምነት እነዚህ ቃላት የጨዋታ ማጣፈጫ ብቻ አይደሉም። በአዝማሪውና በአድማጩ መካከል ያለ ያልተጻፈ ውል ናቸው፤ ውሉ የተረሳ ዕለት የሚጎዳው ደግሞ አዝማሪው ነው።

ከስሙ እንጀምር። «አዝማሪ» ከግዕዙ «ዘመረ» የመጣ ነው፤ «መዝሙር» እና «ዝማሬ» የሥጋ ዘመዶቹ ናቸው። ይህን የመሰለ የዘር ሐረግ ያለው ቃል ለስድብነት መዋሉ የሚያሳዝን ነው። አዝማሪን ከላሊበላ ጋር ማምታታትም የተለመደ ስሕተት ነው። ላሊበሎች ያለ መሣሪያ ጎሕ ሲቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙ ናቸው። አዝማሪ ግን ማሲንቆውን ይዞ ሠርግ፣ ጠጅ ቤትና ግብዣ ላይ ይገኛል። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ በመሆኑ፣ ከጎንደር ከተማ ብዙም እንደማይርቀው እንደ ቡርቧክስ ያሉ በአዝማሪነታቸው የታወቁ መንደሮች አሉ። ከዚያ የወጡ ልጆች በደባርቅና በዳባት ሠርግ፣ በጎንደር ጠጅ ቤት፣ እስከ አዲስ አበባም ድረስ ይጫወታሉ። «ይጫወታሉ» ማለቴም በምክንያት ነው። በአዝማሪ ቤት «ተጫወት» ማለት ዝፈን፣ ግጠም፣ አስቀን፣ ውጋን ማለት ነው፤ አራቱም በአንድ ቃል።

«ቅኝት» የድምፁ መንገድ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የታወቁት አራቱ ናቸው። ማሲንቆ ያላት አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ ስለሆነች፣ አዝማሪው በደጋኑ እየገዘገዘ ዜማውን ሲመላልስ ጊዜ እየገዛ ነው። እኛ መግቢያ ሙዚቃ የሚመስለን እሱ እንግዳውን የሚያጠናበት፣ ስንኝ የሚያዘጋጅበት ደቂቃ ነው።

«ተቀበል!» የቤቱ ዋና ቃል ነው። እንግዳው ይህን ብሎ አንድ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ወዲያውኑ በዜማ ይመልሰዋል። ሴት ከሆነች «ተቀበይ!» ነው። የተሰጠው ስንኝ ቢጎድል አዝማሪው ይሞላዋል፣ ቤት ባይመታ ያስመታዋል፤ አልቀበልም ማለት ግን ነውር ነው። በአሜሪካ፣ በ1959 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ በተቋቋመው «ሰከንድ ሲቲ» በተባለው ቲያትርና በመሰሎቹ ያለ ጽሑፍ የሚጫወቱ ኮሜዲያኖችም የመጀመሪያ ሕጋቸው ይኸው ነው። ባልደረባህ ያቀረበልህን ተቀበል፣ ከራስህ ጨምርበት፣ አትዝጋበት። ልዩነቱ እነሱ የሚቀባበሉት በአብዛኛው እርስ በርስ መሆኑ ነው። በእኛ ቤት ግን ሰጪው ብሩን የሚከፍለው እንግዳ ራሱ ነው።

«ቤት መምታት» የስንኞች መጨረሻ በአንድ ፊደል ሲገጥም ነው። «ኅብረ ቃል» ደግሞ ሰሙንም ወርቁንም በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ቃል ነው። ለማስረዳት ያህል ከራሴ ሙያ አንዲት ልቋጥር፦

ዳኛው የፈረዱት ግራ ቢገባኝ፣
ከደጃቸው ቆምሁ፣ እያልሁ ይግባኝ።

ኅብረ ቃሉ «ይግባኝ» ነው። ሰሙ፣ ፍርዱ ቅር ያሰኘው ሰው አቤቱታ ማቅረቡ ነው። ወርቁ ግን «ፍርዱ ምን እንደሆነ ይግባኝ፣ ይብራልኝ» ማለትም ዳኛው የተናገሩት ጨርሶ አይገባም ነው። ዳኛው ቢቆጡ ገጣሚው በሰሙ ይከለላል። እኔ ይህችን ለመቋጠር ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፤ ጎበዝ አዝማሪ በአንድ ብርሌ ጠጅ ዕድሜ አሥሯን ያወርዳታል።

በዚያው በጎንደር፣ በቤተ ክህነቱ የቅኔ ጉባኤ፣ ተማሪው ቅኔ «ይቆጥራል»፤ በስሎ በቃሉ ማፍለቅ ሲጀምር ደግሞ «ይዘርፋል»። ይህ «ዘረፋ» የወንጀል ሕጉ የሚያውቀው ዓይነት አይደለም! የአብነት ተማሪውና አዝማሪው በማኅበራዊ ደረጃ ቢራራቁም የሚፈተኑት በአንድ ነገር ነው፤ ሰው ፊት ቆሞ ወዲያውኑ በማፍለቅ።

«ሙገሳ» እና «ሽሙጥ» የአንድ ሳንቲም ሁለት ገጽ ናቸው። አዝማሪው እንግዳውን በመልኩ፣ በልብሱ፣ በአገሩ ያነሣዋል። «ሽልማት» የሚባለውም ገንዘብ ግንባሩ ላይ ሲለጠፍ ነው። የዘገየ ሽልማት ሽሙጥ ይጠራል፤ ይህን የሚያውቅ እንግዳ አይቀየምም፣ ይስቃል፣ ኪሱንም ይዳብሳል።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ደግሞ አዝማሪዎች ለብቻቸው የሚነጋገሩበት የምስጢር ቋንቋ አለ። የሴም ቋንቋዎች ሊቁ ቮልፍ ሌስላው በ1952 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ቋንቋ ጥናት አሳትመዋል። ሰዋስው የአማርኛው ነው፤ ቃላቱ ግን አንዳንዶቹ ፊደላቸው ተለውጦ ወይም ተጨምሮበት፣ ሌሎቹም ነገሩን በዘወርዋራ በመጥራት የተሠሩ ናቸው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ኑሮው በእንግዳው ኪስ ላይ የተመሠረተ ሰው፣ እንግዳው ፊት ተቀምጦ ስለ እንግዳው ከጓደኛው ጋር መመካከር አለበት። ቃላቱን እዚህ አልዘረዝርም፤ በጋዜጣ የወጣ ምስጢር ለባለሙያዎቹ አይጠቅማቸውምና።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ አልነበረም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ የፋሺስቱ አስተዳደር ጠንቋዮችን፣ ባሕታውያንንና አዝማሪዎችን ሕዝብ ያሳምፃሉ በማለት እያሳደደ አስገድሏል። ከመትረየስ ጋር የመጣ ጦር ባለ አንድ ጭራ ማሲንቆ ፈርቶ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በአዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ሲባል ስንኙ የማን እንደሆነ ታዳሚው ሁሉ ያውቃል። የተነካው ሰው እንኳ የሚዞረው ወደ ሰጪው ነው፤ መልሱንም ያው አዝማሪ ተቀብሎ ያዜምለታል። ዛሬ ግን ስልኮች ተደቅነዋል። ቀራጩ ከአንድ ሰዓት ጨዋታ ሃያ ሰከንድ ቆርጦ በቲክቶክ ሲለቅ «ተቀበል!» የሚለው ድምፅ ይቀራል፣ ሰጪው ይጠፋል፣ ሽሙጡ የአዝማሪው ብቻ ይሆናል። ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ባሳለፈው ግጭት፣ ሰው በአንዲት ቃል ወገን በሚለይበት ጊዜ፣ ይህ ቀላል አደጋ አይደለም።

ሕጉም ቢሆን ብዙ አይደርስለትም። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 613 ስም ማጥፋትን፣ በአንቀጽ 615 ስድብን ይቀጣል፤ «ተቀበል ብለውኝ ነው» የሚል የተለየ መከላከያ ግን አልጻፈም። በሌላ በኩል የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ግዙፍነት ያገኘን፣ ማለትም የተጻፈን ወይም የተቀረጸን ሥራ በመሆኑ፣ በአየር ላይ የተፈጠረ ስንኝ በራሱ ጥበቃ የለውም። ይሁንና አዋጁ አዝማሪውን እንደ ከዋኝ ያውቀዋል፤ ያልተቀረጸ ክዋኔውን ሌላው እንዲቀርጽ የመፍቀድም ሆነ የመከልከል መብት የራሱ ነው። ስንቱ አዝማሪ ይህን መብቱን ያውቃል? ስንቱስ እንግዳ ስልኩን ከመደቀኑ በፊት ይጠይቃል?

የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ አብረው ተነሥተዋል። ቤት ፈርሶ ሌላ ቦታ ይሠራል፤ አድማጭ ግን ደንቡን ከረሳ አዲስ ቤት አይመልሰውም። ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጎንደር አዝማሪ ቤት ሲገቡ ከመቅረጽዎ በፊት አዝማሪውን ያስፈቅዱ፤ ከፈቀደም «ተቀበል!» የሚለውን ድምፅ አይቁረጡት። ስንኝ ከሰጡ ደግሞ ነገ ጠያቂ ቢመጣ «የእኔ ነው» ለማለት የሚደፍሩትን ብቻ ይስጡ።